ያለቀ የፔዳል ላስቲክን መመርመርና መቀየር

በፍሬንና በፍሪሲዮን ፔዳል ላይ የሚለበሰው ላስቲክ ሥራው አንድ ነው፤ ጫማ ከብረቱ ላይ እንዳይንሸራተት ይይዛል። ከፍሬን ሸራ ጋር መምታታት የለበትም፤ ሸራው ጎማው ዘንድ ያለ ሲሆን ይህኛው እግር የሚያርፍበት ቁራጭ ነው። ሲያልቅ ድምፅ አያሰማም፣ ዳሽቦርድ ላይም መብራት አያበራም፤ አሽከርካሪው ብዙውን ጊዜ የሚነቃው ጫማው በረጠበበት ቀን እግሩ ከፍሬኑ ላይ ሲያዳልጠው ነው።

ለምርመራ መኪናውን ሜዳ ቦታ አቁሞ ሞተሩን ማጥፋትና የእጅ ፍሬን መሳብ፣ ከዚያም ማኑዋል ከሆነ ማርሽ ማስገባት፣ አውቶማቲክ ከሆነ ፓርክ ላይ ማድረግ ያስፈልጋል። በአዝራር የሚነሳ መኪና ከሆነ ቁልፉ ከመኪናው ርቆ ይቀመጥ፤ ፍሬኑ በእጅ ተገፍቶ ሳለ ክርን አዝራሩን ቢነካው ሞተሩ ሊነሳ ይችላል። የሾፌሩን ወንበር እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ገፍቶ ምንጣፉን ካወጡ በኋላ የእጅ ባትሪውን ከጎን በኩል ማብራት ይሻላል። ብርሃኑ ፊት ለፊት ሲያርፍ ያለቀውም ያላለቀውም አንድ ይመስላል፤ ከጎን ሲመጣ ግን የሸንተረሮቹ ጥላ ስለሚታይ፣ ጥላ የሌለበት ቦታ ያለቀው ቦታ መሆኑ ወዲያው ይለያል።

ላስቲኩ እኩል አያልቅም። የፍሬኑ አብዛኛውን ጊዜ በነዳጅ መስጫው በኩል ያለው ጠርዝ ቀድሞ ይበላል፤ ከነዳጅ መስጫው የሚመጣ እግር መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነውና። የፍሪሲዮኑ ከፍሬኑ እጅግ ቀድሞ ካለቀ ደግሞ አሽከርካሪው እግሩን ከፍሪሲዮኑ ላይ የማያነሳ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ከላስቲኩ ይልቅ የፍሪሲዮን ሸራው ያሳስባል። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰውም እዚህ ቦታ ዐይኑን ቢጥል አይጎዳም፤ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ጥቂት እያሳየ ላስቲኩ ሙልጭ ብሎ ከተገኘ፣ ወይም አሮጌ መኪና ላይ አዲስ ላስቲክ ከታየ፣ ምክንያቱን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከዐይን ቀጥሎ አውራ ጣት ይሥራ። ላስቲኩን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ገፋ ሲያደርጉት ከብረቱ ላይ የሚሄድ ከሆነ፣ ብረቱን ከኋላ ያቀፈው የላስቲኩ ጠርዝ፣ ማለትም ከንፈሩ፣ ተቀዷል ወይም ላልቷል ማለት ነው፤ ፊቱ ደህና ቢመስልም መቀየር አለበት። በእኔ እምነት ከተላገው ይልቅ የሚያስፈራው የላላው ነው፤ የተላገው ያንሸራትታል፣ የላላው ግን እግር በኃይል ሲያርፍበት ተገልብጦ አብሮ ሊወርድ ይችላል። በፍሪሲዮን ፔዳሉ ክንድ ላይ ዘይት የመሰለ እርጥበት ከታየ ደግሞ ጉዳዩ የላስቲክ አይደለም፤ ከበላዩ ያለው ማስተር ሲሊንደር (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው ክፍል) እያፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል መካኒክ ሊያየው ይገባል።

አዲስ ላስቲክ ሲፈለግ የሚለካው ብረቱ ነው፤ አሮጌው ላስቲክ ተለጥጦ ሊሆን ስለሚችል ልኩ አይታመንም። ማኑዋል መኪና ላይ የፍሬኑና የፍሪሲዮኑ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የአውቶማቲክ ፍሬን ፔዳል ግን ሰፋ ያለ ነው። ከሁሉም የሚሻለው በሻንሲ ቁጥሩ ተፈልጎ የተገኘው ነው፤ «ለሁሉም ይሆናል» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ለአንዱም በትክክል አይሆንም። ነዳጅ መስጫው በብዙ መኪኖች ራሱ ፕላስቲክ ስለሆነ የሚቀየር ላስቲክ ላይኖረው ይችላል።

አሮጌውን ለማውጣት ከአንዱ ጥግ ጀምሮ ከንፈሩን በጣት መገልበጥ ይበቃል፤ በዙሪያው የብረት ክፈፍ ካለው እሱን ሳያጣምሙ አውጥቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ብረቱ ዝገት ካለው በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይገባል።

አዲሱን ላስቲክ ለጥቂት ደቂቃ ሙቅ ውኃ ውስጥ ቢያቆዩት ይለሰልሳል። ካደረቁት በኋላ የላይኛውን ጠርዝ ከብረቱ ጋር አስይዞ፣ በአንድ እጅ እንዳይሾልክ ተጭኖ፣ በሌላው እጅ ጎንና ጎኑን ወደ ታች እየሳቡ ማልበስ ነው። ሦስቱ ጥጎች ያለ ችግር ይገባሉ፤ ትዕግሥት የሚፈትነው አራተኛው ነው። በዚህ ጊዜ ስለታም ካቻቢቴ ማስገባት ከንፈሩን ይቀደዋል፤ እኔም አንድ አዲስ ላስቲክ በዚሁ መንገድ አበላሽቻለሁ። የእንጨት ማንኪያ እጀታ ከብረቱና ከከንፈሩ መካከል አስገብቶ ቀስ እያሉ ዙሪያውን መንዳት ያስገባዋል። እምቢ ካለም የሚጨመረው ጠብታ ውኃ እንጂ ግራሶ ወይም ዘይት አይደለም፤ ቅባቱ ውስጥ ቀርቶ ላስቲኩን ያንሸራትተዋል። ማስቲሽም አያስፈልግም፤ ልኩ የሆነ ላስቲክ በራሱ ከንፈር ይያዛል፤ ያለ ማስቲሽ የማይቆም ከሆነ ልኩ አይደለም።

ማልበሱ ሲያልቅ ጣትን ከፔዳሉ ኋላ አዙሮ ከንፈሩ በዙሪያው ሁሉ መቀመጡን መዳሰስ፣ ከዚያም ሞተሩ እንደጠፋ ፍሬኑን ደጋግሞ በኃይል መርገጥ ያስፈልጋል። አዲሱ ከተላገው ስለሚወፍር ፔዳሉ ለእግር ትንሽ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ጉዞ ቀስ ያለ ይሁን። ምንጣፉም ሲመለስ ፔዳሎቹ እስከ ታች ወርደው ሲመለሱ የማይነካቸው መሆኑን በእጅ እየገፉ ማየት ያስፈልጋል።