በእንግሊዝኛ ፈተና ሰመሪ አጻጻፍ፦ ከመጻፍ በፊት መጭመቅ

«ሰመሪ ጻፉ» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ብዙ ተማሪ ገና ከቃሉ ትርጉም ላይ ይሳሳታል። በአማርኛ ሰመሪን «ማጠቃለያ» እንለዋለን፤ የድርሰት መደምደሚያንም «ማጠቃለያ» እንለዋለን። ስለዚህ ተማሪው ፓሴጁን፣ ማለትም እንዲያሳጥረው የተሰጠውን ጽሑፍ፣ በደንብ ካሳጠረ በኋላ መጨረሻ ላይ «ሁላችንም ውኃ ልንቆጥብ ይገባል» የሚል ምክር ይጨምራል። ፓሴጁ ግን እንዲህ አላለም። አራሚው ለዚያ ዓረፍተ ነገር ነጥብ አይሰጥም፤ የቃል ገደቡም በከንቱ ይበላል። ሰመሪን «ጭምቅ» ብላችሁ ብታስቡት ይሻላል። ብርቱካን ሲጨመቅ የሚወጣው ብርቱካኑ ውስጥ የነበረው ብቻ ነው።

ከአዲስ አበባ ዳር፣ ከየካ አባዶ እስከ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ፣ ይህን ልምምድ የሚፈልጉት በብዛት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። አንደኛው በክፍል ፈተና ሰመሪ የሚጠየቅ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው። የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ምርጫ ስለሆነ መጻፍ ወደ ጎን ይተዋል፤ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ግን በየኮርሱ ይፈለጋል። ሁለተኛው ለስኮላርሺፕ ወይም ለውጭ ጉዞ አይኢኤልቲኤስ ወይም ፒቲኢ የሚባሉትን ዓለም አቀፍ የእንግሊዝኛ ፈተናዎች የሚፈተን ሰው ነው። ሥራው በመሠረቱ አንድ ቢሆንም ደንቡ ይለያያል፤ ደንቡን ሳያውቁ መግባት ደግሞ ያስቀጣል።

ፒቲኢ አካዳሚክ ላይ እስከ 300 ቃል የሚደርስ ጽሑፍ ይሰጣችሁና በ10 ደቂቃ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንድታሳጥሩት ትጠየቃላችሁ። ዓረፍተ ነገሩ ከ5 እስከ 75 ቃል መሆን አለበት። ሁለት ዓረፍተ ነገር ከጻፋችሁ የቅርጽ ነጥባችሁ ዜሮ ነው፤ ሁሉንም በካፒታል ሌተር ብትጽፉም እንዲሁ። ንግግር ተሰምቶ የሚጻፈው ሰመሪ ደግሞ ከ50 እስከ 70 ቃል ነው፤ ሰዓቱ 10 ደቂቃ ነው። የአይኢኤልቲኤስ አካዳሚክ የመጀመሪያው የጽሑፍ ጥያቄ እንድታሳጥሩ የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ ግራፍን ወይም ሠንጠረዥን ነው፦ ቢያንስ 150 ቃል፣ የሚመከረው ጊዜ 20 ደቂቃ። እዚያ ቁጥሮችን ተራ በተራ መዘርዘር አይበቃም። ዋናውን አዝማሚያ በአንድ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር ለብቻው አውጥታችሁ ማሳየት አለባችሁ፤ አስተያየትና ምክንያት ፍለጋ ግን አያስፈልግም። በክፍል ፈተና መምህሩ ገደብ ካልሰጠ የዋናውን ሲሶ ያዙ፤ 300 ቃል ከሆነ ወደ 100 ይውረድ።

አሁን ወደ አሠራሩ። መጀመሪያ የሚነበበው ጥያቄው ነው። አንዳንዱ ጥያቄ ሙሉውን ፓሴጅ አሳጥሩ ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ መንስኤዎቹን ብቻ ወይም ጉዳቱን ብቻ ይጠይቃል። መንስኤ ብቻ ለተጠየቀ ሰው የመፍትሔው አንቀጽ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ የለም ማለት ነው። ከዚያ ፓሴጁን አንዴ እስክሪብቶ ሳትይዙ እስከ መጨረሻው አንብቡ። ገና ከመጀመሪያው መስመር ማስመር የጀመረ ሰው ሲጨርስ ወረቀቱ ሁሉ ተሰምሮበት ያገኘዋል፤ ያ ደግሞ ምንም አልመረጠም ማለት ነው።

በሁለተኛው ንባብ የየአንቀጹን ፍሬ ነገር ከአምስት ባልበለጡ ቃላት በጠርዙ ላይ ያዙ፤ በኮምፒውተር ከሆነ በሚሰጣችሁ ማስታወሻ መያዣ ላይ። እዚህ ላይ አጥብቀን የምንመክረው ማስታወሻውን በአማርኛ መያዝ ነው። በእንግሊዝኛ ከያዛችሁት የፓሴጁን ሐረግ እንዳለ ትገለብጣላችሁ፤ በአማርኛ ስትይዙት ግን ሐሳቡን ካልተረዳችሁት መጻፍ አትችሉም። የሙያ ቃላት፣ ስሞች፣ ዓመተ ምሕረትና ሰዓት ፓሴጁ ላይ እንዳሉ ይቀመጡ፤ ወደ እኛ አቆጣጠር አትቀይሯቸው። ማስታወሻው ሲያልቅ ፓሴጁን ሸፍኑና እንግሊዝኛውን ከማስታወሻው ጻፉ።

አመራረጡን ከቋንቋው ለይተን እንድናየው ለልምምድ ያዘጋጀነውን ይህን ጽሑፍ በአማርኛ እንመልከት።

«በከተማዋ ዳር ያሉ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ውኃ የሚያገኙት በፈረቃ ነው። ከግድቦችና ከጉድጓዶች የሚመጣው ውኃ ለሁሉም በአንድ ጊዜ አይበቃም። ለምሳሌ አንዳንድ ብሎኮች ውኃ የሚያዩት በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው። ውኃው ሲመጣም ግፊቱ ስለሚያንስ አራተኛ ፎቅ አይደርስም። ስለዚህ ነዋሪዎች ጀሪካን፣ ባልዲና በርሜል ይሞላሉ፤ አቅም ያላቸው ሮቶ ይገዛሉ። አንዲት እናት ‹ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስቼ ነው የምሞላው› ይላሉ። ይሁን እንጂ ክዳን በሌለው ዕቃ ብዙ ቀን የቆየ ውኃ ሊበከል ይችላል።»

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ዋናው ጉዳይ ነው፤ ይቆያል። ሁለተኛው ምክንያት ነው፤ ይቆያል። ሦስተኛው «ለምሳሌ» ብሎ ራሱን አጋልጧል፤ ይወጣል። አራተኛው ምሳሌ ቢመስልም ሁለተኛ ምክንያት ነው፦ ግፊት። ተማሪዎች አብዝተው የሚስቱት ይህን ነው። አራተኛው ፎቅ ይጣላል፤ ግፊቱ ይያዛል። አምስተኛው ላይ ጀሪካን፣ ባልዲ፣ በርሜልና ሮቶ በአንድ ቃል ይጠቃለላሉ፦ ዕቃ። የእናቲቱ ንግግር ልብ ይነካል፤ ግን ጥቅስ ስለሆነ ይወጣል። የመጨረሻው «ይሁን እንጂ» ብሎ አዲስ ሐሳብ ያመጣል። እንዲህ ያለ መገልበጫ ቃል፣ በእንግሊዝኛው ሃውኤቨር (however) ወይም የት (yet)፣ ባያችሁበት ቦታ ቆም በሉ፤ ጸሐፊው ሊል የፈለገው ብዙ ጊዜ ከእሱ ቀጥሎ ነው የሚመጣው።

ሲጨመቅ እንዲህ ይወጣል፦ «በከተማዋ ዳር ባሉ ኮንዶሚኒየሞች የውኃው መጠንና ግፊት በቂ ስላልሆነ ውኃ የሚታደለው በፈረቃ ነው፤ ነዋሪዎች ውኃ በዕቃ ቢያጠራቅሙም ሳይከደን የቆየ ውኃ ሊበከል ይችላል።» ከ64 ቃል ወደ 22 ወረደ፤ ሲሶ ማለት ነው። ይህንኑ በእንግሊዝኛ ስትጽፉት ግን ከ30 ቃል በላይ ይሆናል፤ እኛ «ከግድቦችና» ብለን በአንድ ቃል የምንለውን እንግሊዝኛው በሦስት ቃል ይለዋል። ስለዚህ ርዝመቱን በአማርኛው አትገምቱ።

በራስ ቃል ጻፉ ሲባል እያንዳንዱን ቃል በመዝገበ ቃላት ተመሳሳዩ መተካት አይደለም። ያ የሚያመጣው ግራ የገባው እንግሊዝኛ ነው። ማላሪያ ማላሪያ ነው፤ ኦክስጅንም ኦክስጅን ነው፤ ምትክ አትፈልጉላቸው። የሚለወጠው አወቃቀሩ ነው፦ ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን በዊች ወይም በቢኮዝ ማያያዝ፣ አድራጊውን ወደ ተደራጊ ማዞር፣ ዝርዝሩን በወል ስም መተካት።

ከአማርኛ ተናጋሪ እጅ ደጋግመው የሚወጡ ስህተቶች አሉ፤ እነዚህን ለይቶ ማወቅ ተጨማሪ ሰዋስው ከማጥናት የበለጠ ነጥብ ያስገኛል። በአማርኛ «ምንም እንኳን ቢያጠራቅሙም፣ ግን…» ብንል ያስኬዳል። በእንግሊዝኛ ግን ኦልዞው ካላችሁ በኋላ ባት አይመጣም፤ አንዱ ይበቃል። ቢኮዝ ብሎ ጀምሮ መሐል ላይ ሶ መድገምም ያው ነው። ሌላው የዓረፍተ ነገር ርዝመት ነው። አማርኛ «ሄዶ፣ አይቶ፣ ገዝቶ፣ ተመለሰ» እያለ ሐሳብ ይደራርባል፤ ይህን በኤንድ፣ ኤንድ፣ ኤንድ ከተረጎማችሁት ዓረፍተ ነገሩ ማብቂያ ያጣል። ከአንድ ኤንድ በላይ ግሦችን ካያያዛችሁ ነጥብ አድርጉ፤ ፒቲኢ ላይ ደግሞ አንዱን ግሥ በዊች አስገቡት። እኛ ዘንድ የሌለው «ዘ» እና «ኤ» እየተረሳ ይቀራል። ነጠላ ስም ሲመጣ የግሡ መጨረሻ ላይ ያለው ኤስም ይረሳል፤ ሰመሪ በአብዛኛው በአሁን ጊዜ ስለሚጻፍ ይህቺ ኤስ በየመስመሩ ትፈለጋለች። «ወዘተ» የምንለውን ኤትሴትራ ደግሞ ፈጽሞ አትጠቀሙ፤ መምረጥ ያቃተው ሰው ምልክት ነው።

ሰዓት አከፋፈል፦ ለ30 ደቂቃ ጥያቄ 12 ለንባብና ለማስታወሻ፣ 12 ለጽሑፍ፣ 6 ለእርማት። ለፒቲኢው 10 ደቂቃ 4፣ 4 እና 2።

ለልምምድ መብራትም ኢንተርኔትም አያስፈልግም። ከአባዶ መገናኛ ወይም ከቱሉ ዲምቱ ሳሪስ በአውቶቡስ ስትሄዱ ከመማሪያ መጽሐፋችሁ አንድ አንቀጽ አንብቡ፤ መጽሐፉን ዘግታችሁ ቀጣዩ ፌርማታ ሳይደርስ ፍሬ ነገሩን በአማርኛ በአንድ ትንፋሽ ለራሳችሁ ተናገሩት። ማታ ያንኑ በእንግሊዝኛ ጻፉት። በሳምንት ሦስት አንቀጽ በቂ ነው፤ ከጓደኛ ጋር ወረቀት ከተለዋወጣችሁ ደግሞ የተሻለ ነው። ጓደኛችሁ ዋናውን ፓሴጅ ሳያይ የእናንተን ሰመሪ ያንብብና ጽሑፉ ስለምን እንደሆነ ይንገራችሁ። የጎደለ ምክንያት ካለ እዚያው ይጠይቃችኋል።

በእርማቱ ደቂቃዎች ቃል ስትቆጥሩ አንዱን መስመር ቆጥራችሁ በመስመሮቹ ብዛት አባዙ፤ ገደቡን ካለፈ መጀመሪያ ቅጽሎችን፣ ቀጥሎ የቀረ ምሳሌ ካለ እሱን ሰርዙ። በመጨረሻ ፓሴጁን ገልጣችሁ ቁጥሮቹንና ስሞቹን አንድ በአንድ አመሳክሩ።