«ደሙ እኮ ቆሟል»፦ የሽንት ፊኛ ካንሰር ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ ሽንቱ ለቀላበት ሰው መጀመሪያ የሚሰጠው ምክር «ኩላሊትህን ብርድ መትቶህ ነው፣ ውኃ ጠጣ» ነው። ውኃው ይጠጣል፣ በሦስተኛው ቀን ሽንቱ ይጠራል፣ ነገሩም ይረሳል። ከስህተቶች ሁሉ የከፋው ይኸው ነው። የፊኛ ዕጢ ያለማቋረጥ አይደማም። ገጹ ላይ ያሉት ስስ የደም ሥሮች ሲቀደዱ ይደማል፣ ሲረጋ ይቆማል፣ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይመለሳል። ደሙ በቆመበት ጊዜ ዕጢው ሥራውን አላቆመም፤ ከፊኛው የውስጥ ሽፋን ወደ ጡንቻው ሊዘልቅ ይችላል። ሽፋኑ ላይ ሳለ በሽንት መውጫ በሚገባ መሣሪያ ተፍቆ ይወጣል። ጡንቻው ውስጥ ከገባ ግን ጉዳዩ ፊኛውን ወደ ማውጣት፣ ወይም ወደ ጨረርና ኬሞቴራፒ ይሄዳል። «ግን እኮ አያመኝም» ይባላል። ሳያም የሚፈሰው ደም ነው ይበልጥ የሚያሳስበው! ዐዋቂ ሰው አንድ ቀን እንኳ በዐይን የሚታይ ደም ከሸና፣ ቢቆምም መመርመር አለበት። አስፕሪን ወይም ደም ማቅጠኛ መውሰዱም ምክንያት ሆኖ ምርመራውን አያስቀርም።

ቀይ ሁሉ ደም አይደለም፤ ቀይ ሥርም፣ የቲቢው ሪፋምፒሲንም ሽንት ያቀላሉ። ይህን የሚለየው ግን የላቦራቶሪ ምርመራ እንጂ ግምት አይደለም።

ሁለተኛው ስህተት ሲፕሮ (አንቲባዮቲክ) ላይ ሲፕሮ መደራረብ ነው። በተለይ እናቶች ላይ ይበዛል፦ ያቃጥላቸዋል፣ ቶሎ ቶሎ ያሸናቸዋል፣ «ኢንፌክሽን ነው» ተብሎ መድኃኒት ይሰጣቸዋል፣ በወሩ ሌላ ይጨመራል። ፊኛው ላይ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ የሚያድግ ጠፍጣፋ ካንሰር አለ፤ ምልክቱ ከኢንፌክሽን ጋር አንድ ነው። አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት መካከለኛው ሽንት (መጀመሪያ የሚወጣው ተትቶ ቀጥሎ የሚመጣው) ለካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያ አብቅሎ ለሚለየው ምርመራ፣ ይወሰድ። መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ሽንቱ ይደገም። ባክቴሪያ ሳይኖር ቀይ የደም ሴል ከቀረ ሌላ እንክብል መጻፍ ትርጉም የለውም።

«አልትራሳውንዱ ንጹሕ ነው» ሦስተኛው ነው። ታማሚው ሽንቱን ጨርሶ ከተነሣ፣ የተጨማደደው የፊኛ ግድግዳ ዕጢውን ይደብቀዋል። ከአንድ ሰዓት በፊት ሦስት አራት ብርጭቆ ውኃ ጠጥቶ መያዝ ያስፈልጋል። በሞላ ፊኛም ቢሆን ትንንሾቹና ጠፍጣፋዎቹ ያመልጣሉ። ወሳኙ ሲስቶስኮፒ፣ ማለትም በሽንት መውጫ በሚገባ ቀጭን መሣሪያ ፊኛውን ከውስጥ ማየት ነው፤ በማደንዘዣ ጄል በጥቂት ደቂቃ ያልቃል።

ቡናን መውቀስም አለ፣ በቡና አገር! መነሻ አላጣም፦ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1991 እ.ኤ.አ. ቡናን «ምናልባት የፊኛ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» ብሎ መድቦት ነበር፤ በ2016 ግን ከዚያ ምድብ አወጣው። ዋናው ተጠያቂ ሲጋራ ነው። በጢሱ የገባው ኬሚካል በኩላሊት ተጣርቶ ፊኛ ውስጥ ለሰዓታት ይቀመጣል። «ጫት ስቅም ብቻ ነው የማጨሰው» የሚል ሰውም አጫሽ ነው። ስንጠይቅ ያቆሙትንም እንጠይቅ።

ቢልሃርዚያ (ከውኃ የሚይዝ የጥገኛ ትል በሽታ) ላይ ያለው ግራ መጋባት ሌላ ነው። በጅማ ዙሪያ በሰገራ የሚገኘው የአንጀቱ ዓይነት ከፊኛ ካንሰር ጋር አይያያዝም። የሚያያዘው የፊኛው ዓይነት ሲሆን በኢትዮጵያ የሚታወቀው እንደ አዋሽ ሸለቆ፣ ዋቢ ሸበሌና በሱዳን ድንበር እንደ ኩርሙክ ባሉ ቆላዎች ነው። ታማሚው እዚያ ኖሮ ወይም እርሻ ላይ ሠርቶ እንደሆነ ይጠየቅ። ለትሉ እንቁላል ምርመራ የሚሆነው ሽንት ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 8 ሰዓት የተሸናው ነው። የጧቱ አይደለም።

ከዕጢው የተፈቀው ሥጋ ለምርመራ ሲላክ በ10 በመቶ ፎርማሊን (ሥጋ እንዳይበላሽ የሚያደርግ ፈሳሽ)፣ ከሥጋው አሥር እጥፍ በሚሆን መጠን ይቀመጥ፤ በጨው ውኃ ከተላከ ይበላሻል። ውጤቱ ሲመጣ መጀመሪያ የሚነበበው ናሙናው ውስጥ ጡንቻ መኖር አለመኖሩ ነው። ጡንቻ ከሌለበት «ጡንቻ ውስጥ አልገባም» ማለት አይቻልም። እንዲህ ሲሆን ብዙውን ጊዜ፣ ዕጢው ከሽፋኑ ሥር ዘልቆ ከተገኘም፣ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ መፋቁ ይደገማል።

ደም ረግቶ ሽንት ከዘጋ ተጨማሪ ውኃ መጠጣት ሕመሙን ያባብሳል። በሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው፤ የረጋው በሰፊ ካቴተር (ፊኛ ውስጥ በሚገባ ቱቦ) ታጥቦ ይወጣል።

የመጨረሻው፣ ከተፈቀ በኋላ መጥፋት ነው። ዕጢው በዚያው ፊኛ ውስጥ ደግሞ መብቀል ልማዱ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው የሲስቶስኮፒ ክትትል በ3 ወር ነው፣ ከዚያም ለዓመታት ይቀጥላል። ከአጋሮ ወይም ከሊሙ ለሚመጣ ገበሬ ቀጠሮው ቡና ለቀማ ላይ እንዳይወድቅ ሲሰጥ መጠየቅ አለበት፤ ሲወድቅበት ይቀራልና። ሲመለስም የፓቶሎጂውን (የተፈቀው ሥጋ የተመረመረበትን ውጤት) ወረቀት ይያዝ፤ ያለ እሱ የሚያየው ሐኪም ዕጢው ምን ዓይነት እንደነበረ አያውቅም።