ከብት ድንገት አስፋልት ውስጥ ሲገባ ፍሬን እንዴት ይያዛል?

አያያዙ የሚለያየው መኪናው ኤቢኤስ (ፍሬን ሲረገጥ ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚጠብቅ ሥርዓት) እንዳለውና እንደሌለው ነው፤ ስለዚህ ይህን ዛሬውኑ ይወቁ። ቁልፉን አዙረው ሞተሩ ሳይነሳ ዳሽቦርዱን ይመልከቱ። ኤቢኤስ የሚለው መብራት በርቶ ከጠፋ ደህና ነው። በርቶ ከቀረ ተበላሽቷል፤ ፍሬኑ መያዙን ይይዛል፣ ጎማውን ከመንሸራተት የሚጠብቀው ግን የለም። ጭራሽ ካልበራ እንደሌለ ይቁጠሩት።

ኤቢኤስ ካለ ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይልዎ ይርገጡ፤ መኪናው እስኪቆም እግርዎን አያንሱ። ማንዋል ከሆነ ፍሪሲዮኑንም አብረው ይርገጡ። ፔዳሉ ይንቀጠቀጣል፣ ይንኳኳል። ብዙ ሹፌር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የተሰበረ ነገር ያለ መስሎት ለቀቅ ያደርጋል። መንቀጥቀጡ ግን የኤቢኤሱ ሥራ ነው። ፍሬኑን እንደረገጡ መሪውን ማዞር ይቻላል፤ ዓይንዎ ከብቱ ላይ ሳይሆን ማለፊያው ላይ ይሁን።

በአሮጌ ኮሮላና በድሮ ሚኒባስ ነገሩ ሌላ ነው። አጥብቀው ይርገጡ፤ ጎማው ከጮኸ ወይም መኪናው መሪ አልሰማ ካለ መንሸራተት ጀምሯል ማለት ነው። በጥቂቱ ለቀቅ አድርገው ጎማው መዞር ሲጀምር መልሰው ይጫኑ። የፊት ጎማዎች ሲንሸራተቱ መሪውን ቢያዞሩም መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ የኋላዎቹ ሲንሸራተቱ ኋላው ይዞራል። በፍጥነት እየሄዱ የእጅ ፍሬን በአንዴ መሳብ የሚከለከለው ለዚህ ነው።

በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ አይተው እስኪረግጡ በሚያልፈው 1 ሰከንድ ብቻ 17 ሜትር ያህል ይሄዳሉ። ከረገጡ በኋላ ደረቅ አስፋልት ላይ 20 ሜትር፣ እርጥብ ላይ ደግሞ 35 ሜትር ገደማ ይጨመራል፤ ያለቀ ጎማ ከሆነ ከዚህም ይብሳል። ጅማ ላይ ዝናቡ ክረምትን ብቻ አይጠብቅም። አስፋልቱ በጣም የሚያዳልጠው ዝናቡ እንደጀመረ፣ አቧራውና ዘይቱ ገና ሳይታጠብ ነው፤ ከገጠር መገንጠያዎች በጎማ ተጎትቶ የሚወጣው ቀይ ጭቃም ያው ነው። ኮረኮንች ላይ ኤቢኤስ ማቆሚያውን ሊያረዝመው ስለሚችል እዚያ መድኃኒቱ ቀስ ብሎ መንዳት ብቻ ነው።

በጅማ መንገድ ከአበልቲ ወደ ግቤ ድልድይ ሲወርዱ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። እግርዎን ከፍሬኑ ሳያነሱ ከወረዱ የፍሬን ሸራው ይግላል፣ ያረጀ የፍሬን ዘይት ይፈላል፣ ፔዳሉም ባዶ ይሆናል። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይችላል፣ እርጥበት ሲገባበት ግን 140 አካባቢ ሊፈላ ይችላል። በየ2 ዓመቱ ያስቀይሩት። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀንሰው ይግቡ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ ዜሮ አድርጎ መውረድ እብደት ነው።

ፔዳሉ ወለል ከነካ ቶሎ ቶሎ ይርገጡት፤ የተወሰነ ግፊት ሊመለስ ይችላል። ማርሹን አንድ በአንድ ይቀንሱ፤ አውቶማቲክ ከሆነ ወደ ዝቅተኛው ያውርዱት። የእጅ ፍሬኑን፣ እጀታው ላይ ያለውን መልቀቂያ ቁልፍ እንደተጫኑ፣ ጥቂት በጥቂት ይሳቡ፤ ኋላው መሸሽ ከጀመረ ወዲያው ይልቀቁ። ሞተሩን አያጥፉ፤ መሪው ይከብዳል፣ የሞተሩን ቁልፍ ከነቀሉት ደግሞ ሊቆለፍብዎ ይችላል። ይህም ካልሠራ በገደሉ በኩል ሳይሆን በተራራው በኩል ያለውን አፈር በመኪናው ጎን እየታከኩ ያቁሙ።