ከጠረጴዛው ሥር ያለው ሽቦ

የሰው ሞዴል ባቡር ለማየት ስጋበዝ መጀመሪያ የምገባው ከጠረጴዛው ሥር ነው። ጉዱ ያለው እዚያ ነዋ!

በዲጂታል ባቡር ኃይሉም ትዕዛዙም የሚሄደው በሐዲዱ ነው። ስለዚህ ከሥር፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ሁለት ወፍራም ሽቦ ዘርጉ፤ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ለቤት ይበቃል። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጥቁር። ቀለም ከቀላቀላችሁ ጣጣው አያልቅም። ከዚያ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ሐዲድ አጭር ቀጭን ሽቦ በካውያ በየዱና ከሥር ካሉት ወፍራሞቹ ጋር አገናኙ። የሐዲድ ማያያዣውን አትመኑት፤ ውሎ አድሮ ይላላል።

መገንጠያውን፣ ማለትም ባቡሩን ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚያሻግረውን፣ የሚያዞሩት ሞተሮች የራሳቸው መስመር ይኑራቸው። ባቡር በተሳሳተ መገንጠያ ገብቶ ሾርት ሲያደርግ የሐዲዱ ኃይል ይቋረጣል። ሞተሩም ኃይል የሚያገኘው ከዚያው ከሆነ፣ መገንጠያውን በምን ታዞሩታላችሁ?

ሞተሩ ቶርተስ የሚባለው ዓይነት ከሆነ፣ ሽቦ ከሚገናኝባቸው ቁጥሮቹ 1 እና 8 ለራሱ ለሞተሩ ናቸው። 4 ቁጥር ሐዲዶቹ ለሚሻገሩበት ብረት፣ 2 እና 3 ለግራና ለቀኝ ሐዲድ። መገንጠያው ላይ ሾርት ካደረገ 2ን እና 3ን አቀያይሩ፣ አለቀ።

ሲጨርሱ ሳንቲም ነው መፈተሻው። ከቡስተሩ (ለሐዲዱ ኃይል ከሚሰጠው ሣጥን) በጣም በራቀው ቦታ ሁለቱ ሐዲዶች ላይ አጋድሙት። ቡስተሩ ወዲያው ካላቋረጠ ሽቦው ቀጥኗል ወይም አንድ ቦታ ላልቷል።