የስኮፕ ማጉያ ቀለበት አልዞር ሲል

ጠመንጃው ውስጥ ጥይት አለመኖሩን አይታችኋል ብዬ ልለፈው። የስኮፑ፣ ማለትም ጠመንጃ ላይ የሚታሰረው ማነጣጠሪያ መነጽር፣ ማጉያ ቀለበት እንደ ድንጋይ ከደረቀባችሁ ፒንሳ ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ነገር መልሱልኝ። ስኮፑ ጠመንጃው ላይ ከመታሰሩ በፊት እንዴት ነበር?

ያኔም ጠጣር ከነበረ

ከቀለበቱ ስር ውሃና አቧራ የሚከለክሉ ኦሪንጎች (ቀጫጭን የጎማ ቀለበቶች) አሉ። አዲስ ሲሆኑ ይይዛሉ። ከዳር እስከ ዳር ደጋግማችሁ አዙሩት፣ እየላላ ይሄዳል። በብርድ ብቻ የሚጠጥር ከሆነ ግራሶው ወፍሮ ነው፤ ሲሞቅ ይመለሳል። እሳት ዳር ግን አታስቀምጡት።

ሳይታሰር ልል፣ ሲታሰር ጠጣር ከሆነ

ደጋግሞ የሚመጣብኝ ይሄ ነው። ባለቤቱ ሁልጊዜ «ግራሶው ደርቋል» ይላል። ግራሶው ምንም አልሆነም።

ቀለበቱ ሲዞር፣ በቱቦው ጠባብ ክፍተት የሚያልፍ ትንሽ ፒን፣ ከውስጥ ያለውን ሌላ ቱቦ ያዞራል። እሱ ደግሞ ሌንሶቹን ወደፊትና ወደኋላ ይወስዳል። የውጪው ቱቦ ስስ አሉሚኒየም ነው። ስኮፑን ጠመንጃው ላይ ከሚይዙት ማሰሪያዎች የኋላው ከልክ በላይ ሲጠብቅ ቱቦውን ያንቀዋል፤ የውስጡም መፈናፈኛ ያጣል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። የኋላውን ማሰሪያ የላይኛ ብሎኖች ሩብ ዙር ብቻ አላሏቸው። ከዚያ ቀለበቱን ሞክሩ። በሁለት ጣት ከዞረ ጥፋተኛው ተገኝቷል።

አንዱ ያመጣልኝ ስኮፕ ቀለበቱ ዙሪያውን ውሻ ያኘከው ይመስል ነበር። በፒንሳ ሲታገለው ከርሟል። ብሎኖቹን ሳላላቸው ቀለበቱ በትንሽ ጣት ዞረ። ሰውዬው ዝም አለ። ሌላው ደግሞ የአለን ቁልፉ ላይ ቧንቧ ቀጥሎ ነው ያጠበቀው! የመኪና ጎማ መሰለው እንዴ?

መፍትሄው፦ የላይኛውን ግማሽ አንሱና ቱቦውን እዩ። በአንድ ጎን ብቻ የተፋቀ መስመር ካለ ማሰሪያው ራሱ ጠማማ ሳይሆን አይቀርም። ጣሉት። ርካሽ ማሰሪያ ውድ ስኮፕ ያበላሻል። ማሰሪያው ከቀለበቱ ጋር ተጠግቶ ከሆነ፣ ወይም ቱቦው መስፋት የሚጀምርበት ቦታ ላይ ካረፈ፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደፊት አርቁት። ልኩንም እዩ፤ የ25.4 ሚሊ ሜትር ማሰሪያ ለ30 ሚሊ ሜትር ቱቦ አይሆንም።

ስታስሩ ብሎኖቹን በመስቀለኛ፣ ተራ በተራ፣ ጥቂት በጥቂት አጥብቁ። በሁለቱም ጎን ያለው ክፍተት እኩል ይሁን። ብዙ አምራቾች ለላይኛዎቹ ብሎኖች የሚሰጡት ልክ ከ1.7 እስከ 2 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ የእናንተን መመሪያ እዩ። በእጅ ግምት ይሄን ማወቅ አይቻልም፣ ቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ) ያዙ። ብሎኑ ላይ ዘይት ወይም ማጣበቂያ ካለ ያው ንባብ ከሚገባው በላይ ያጠብቃል። በየዙሩ ቀለበቱን ሞክሩ። መያዝ ሲጀምር ቁሙ።

ማሰሪያው ከተነካ ዜሮው፣ ማለትም ጥይቱ ስኮፑ በሚያሳየው ቦታ እንዲያርፍ የተስተካከለው ልክ፣ ስቷል በሉ። ሳታስተካክሉ ወደ አደን አትውጡ።

አሸዋ ሲገባ

ሲዞር ከርከር ይላል። በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት፣ ከዚያ በረጠበ ጨርቅ። ዘይት አትንፉበት። እደግመዋለሁ፣ ዘይት አትንፉበት! አቧራውን ጭቃ ያደርገዋል፣ ኦሪንጉንም ሊያሳብጠው ይችላል። ፈትታችሁም ግራሶ አትቀቡ። ውስጡ ብዙ ጊዜ ናይትሮጅን ወይም አርጎን ጋዝ ነው የተሞላው፤ አንዴ ከወጣ ሌንሱ ከውስጥ በጉም ሊሸፈን ይችላል።

መሃል ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም ከሆነ

ፒኑ ታጥፏል ወይም ቱቦው ተመትቷል። ይሄ ብርቅ ነው። አታስገድዱት፣ ወደ አምራቹ ላኩት። የማሰሪያ ጉድጓድ ቱቦው ላይ ከቀረ ግን ዋስትናውን ላይቀበሏችሁ ይችላሉ።