የአውግስጢኖስን «ኑዛዜ» በጓደኞቹ በኩል እንዴት እናንብበው?

ብዙ ሰው አውግስጢኖስን ማንበብ የሚጀምረው ከክርክር ነው። ጥንተ አብሶ (ከአዳም የመጣው ኃጢአት)፣ ጸጋ፣ ነጻ ፈቃድ፣ ማን ትክክል ነው፣ ማን ተሳስቷል። እኔ ግን በሌላ በር ግቡ እላለሁ፤ በጓደኞቹ በኩል። ይህ ሰው ሲሰርቅ ከጓደኞቹ ጋር ነበር፣ ሲሳሳትም ከእነሱ ጋር፣ ልቡ ተሰብሮ ወደ እምነት የተመለሰ ቀን እንኳ ጓደኛው አጠገቡ ነበር። ስለ ኃጢአትና ስለ ጸጋ የሚናገረው ከዚህ ኑሮ የወጣ ስለሆነ፣ ኑሮውን ሳታዩ ሐሳቡን ብቻ ብትይዙ ደረቅ ይሆንባችኋል።

ማንነቱን በአጭሩ እንያዝ። እ.ኤ.አ. በ354 ታጋስቴ በምትባል የሰሜን አፍሪካ ከተማ ተወለደ፤ የዛሬዋ ሱቅ አህራስ፣ አልጄሪያ ውስጥ። እዚያው ሰሜን አፍሪካ ባለችው በካርታጎ ከተማ ተማረ፣ የንግግር ጥበብ አስተማረ፣ ሮምና ሚላኖ ሄደ። በ387 በሚላኖው ጳጳስ በአምብሮስዮስ እጅ ተጠመቀ። ከዚያ አገሩ ተመልሶ ሂፖ የምትባል ከተማ ጳጳስ ሆነ፣ በ430 ቫንዳሎች የሚባሉ ወራሪዎች ከተማዋን ከበው ሳለ ዐረፈ። «ኑዛዜ»ን መጻፍ የጀመረው በ397 ገደማ ነው፤ 13 ክፍሎች አሉት።

ከማንበባችሁ በፊት ርእሱ ላይ ትንሽ ቁሙ። «ኑዛዜ» ስንል ለንስሐ አባት የሚነገረው ነገር፣ አለዚያም ሰው ሊሞት ሲል የሚተወው ቃል ነው ትዝ የሚለን። በላቲኑ ግን ቃሉ ኃጢአትን መናዘዝም ነው፣ እግዚአብሔርን ማመስገንም ነው። ዳዊት ለሚደግም ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። «ግነዩ ለእግዚአብሔር እስመ ኄር» በሚለው መዝሙር ላይ ላቲኑ «ግነዩ»ን የተረጎመው በዚሁ ቃል ነው። ስለዚህ መጽሐፉን እንደ ሕይወት ታሪክ ሳይሆን እንደ ጸሎት፣ ከተቻለም ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚናገረው ለእግዚአብሔር ነው፤ እኛ ከጎን ሆነን ነው የምንሰማው።

አሁን በቀጥታ ወደ ክፍል 2 ሂዱ። የ16 ዓመት ልጅ ሆኖ ከጓደኞቹ ጋር በሌሊት ከሰው ዛፍ ፒር የሚባል ፍሬ ይሰርቃል። አልራበውም፣ ቤቱም ከዚያ የተሻለ ፍሬ ነበረው፤ የሰረቁትንም አብዛኛውን ለአሳማ ነው የጣሉት። ታዲያ ለምን ሰረቀ? ስለዚህች ትንሽ ስርቆት ገጾች ሙሉ ይጽፋል፤ አንዳንድ አንባቢ እዚህ ጋ ይሰለቻል፣ እኔ ግን አትዝለሉት እላለሁ። ስለ ኃጢአት ዋናው ነገሩ እዚህ ነው ያለው። ደጋግሞ የሚላት አንዲት ነገር አለች፦ ብቻዬን ብሆን አላደርገውም ነበር። «እንሂድ፣ እናድርገው» ሲባል ማፈር ራሱ ያሳፍራል ይላል፤ ያንን ዓይነቱን ጓደኝነትም ጠላት የሆነ ጓደኝነት ይለዋል። ካነበባችሁ በኋላ ወረቀት አንሡና እናንተም ብቻችሁን ብትሆኑ የማታደርጉትን፣ በሰው መሀል ግን ያደረጋችሁትን አንድ ነገር ጻፉ። ለማንም አታሳዩትም።

ቀጥሎ ክፍል 4። እዚህ ቆዩ፣ አትቸኩሉ። እኔ ይህንን ክፍል ያነበብኩት የልብ ጓደኛዬን በቀበርኩበት ዓመት ነው፤ ከዚያ በፊት ብዙ የመጽናኛ ቃል ሰምቼ ነበር፣ የእኔን ሐዘን በትክክል ሲናገር ያገኘሁት ግን ከ1,600 ዓመት በፊት የኖረውን ይህንን ሰው ነው።

አብሮት ያደገ ጓደኛ ነበረው፤ ስሙን አይነግረንም። አውግስጢኖስ ያን ጊዜ የማኒን ትምህርት (ብርሃንና ጨለማ ሁለት ተፋላሚ ኃይሎች ናቸው የሚለውን እምነት) ተከትሎ ስለነበር ጓደኛውንም ይዞት ገባ። ልጁ በትኩሳት ታመመ፣ ራሱን እንደሳተም አጠመቁት። ሲሻለው አውግስጢኖስ አብሮኝ ይስቃል ብሎ በጥምቀቱ ቀለደ። ልጁ ግን እንደ ጠላት አየውና ጓደኛዬ መሆን ከፈለግህ እንዲህ ያለውን ንግግር ተው አለው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ትኩሳቱ ተመልሶ ልጁ ሞተ፤ አውግስጢኖስ አጠገቡ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ያየው ሁሉ ሞት መሰለው። ዓይኖቹ በየቦታው ይፈልጉታል፣ ቦታዎቹም «ይኸው መጣ» ሊሉት ስላልቻሉ ጠላቸው። መጨረሻ ላይ ከተማውን ጥሎ ካርታጎ ሄደ።

እዚያ ያገኛቸውን አዳዲስ ጓደኞች የሚገልጽበትን ቦታ ምልክት አድርጉበት፦ ማውራት፣ መሳቅ፣ መጽሐፍ አብሮ ማንበብ፣ ሳይቀያየሙ መከራከር፣ የቀረን ሰው መናፈቅ፣ ሲመጣ በደስታ መቀበል። ግን ሐዘኑንም ይመረምረዋል። ሟች የሆነውን ሰው እንደማይሞት አድርጌ ወደድኩት፣ ነፍሴንም አሸዋ ላይ አፈሰስኳት ይላል። ጓደኞቻችሁን ቀንሳችሁ ውደዱ አይለንም። ጓደኛችንን በእግዚአብሔር ውስጥ እንድንወደው ነው የሚፈልገው፣ እግዚአብሔር የማይጠፋ ስለሆነ።

ስለ እምነት ደግሞ ከ«ኑዛዜ» ወጣ ብላችሁ ስለማይታዩ ነገሮች እምነት የጻፈውን አጭር ጽሑፍ ብታገኙ ደስ ይለኛል። የሚያቀርበው ነገር ቀላል ነው። ያላየሁትን አላምንም የሚለውን ሰው ይጠይቀዋል፦ የጓደኛህን ልብ በየትኛው ዓይንህ አየኸው? ፈትኜ አወቅሁት ብትል እንኳ፣ ለመፈተን መጀመሪያ ራስህን ለእሱ አደራ መስጠት ነበረብህ። ማመን ቀደመ፣ ማወቅ ተከተለ። «እንድትረዳ እመን» የሚለው አባባሉ የብዙ ሰው ጥርጣሬ የሚቀሰቅስ ነው፤ በጓደኝነት በኩል ስታዩት ግን ሁላችንም በየቀኑ የምናደርገው ነገር ነው።

ክፍል 6ን ለአሊፒዮስ፣ ለአውግስጢኖስ የቅርብ ጓደኛ፣ ብላችሁ አንብቡ። ሰዎች ለሕዝብ መዝናኛ የሚጋደሉበትን የግላዲያተር ፍልሚያ የሚጠላውን አሊፒዮስን ጓደኞቹ ሮም ውስጥ ጎትተው ወሰዱት። ዓይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ፤ ሕዝቡ ሲጮኽ ገለጥ አደረገና በዚያው ቀረ። እዚሁ ክፍል ውስጥ ለዓመታት አብራው የኖረችውንና ልጅ የወለደችለትን ሴት ለሌላ ጋብቻ ሲባል ወደ አፍሪካ ሲሸኛት ታያላችሁ። ልቤ ቆሰለ፣ ደማ ይላል፤ ስሟን ግን አይጠራም። ይህ አሁንም ይከፋኛል፣ እናንተም ቢከፋችሁ ልክ ናችሁ።

ከዚያ ክፍል 8። አንድ እንግዳ መጥቶ ስለ ግብፁ አባ እንጦንስ ያወራቸዋል፤ እኛ ከልጅነት የምናውቀውን አባት አውግስጢኖስ በዚያ ዕድሜው ገና መስማቱ ነው! እሱ ግን መለወጥ ይፈልጋል፣ አይችልም። አእምሮ እጅን ሲያዘው እጅ ይታዘዛል፣ ራሱን ሲያዝ ግን እንቢ ይላል። ይህቺን በደንብ ያዟት፣ ጸጋን የምትረዱት በዚህች ነው። የአትክልት ቦታው ውስጥ የሕፃን ድምፅ «አንሣና አንብብ» ሲል ይሰማል። መጽሐፉን ይከፍታል፣ ሮሜ 13፣ «ጌታን ኢየሱስ ክርስቶስን ልበሱት»። ብዙ ሰው እዚህ ያቆማል። እናንተ ሁለት መስመር ቀጥሉ፤ አሊፒዮስ ምን እንዳነበበ ይጠይቀዋል፣ መጽሐፉን ይቀበልና ቀጣዩን ያነባል፦ እምነቱ የደከመውን ተቀበሉት። ይህ ለእኔ ነው አለና ተከተለው። ጸጋ ሁለቱን አብሮ አነሣቸው።

ክርክሩ የሚገባችሁ አሁን ነው። ክፍል 10 ላይ «የምታዘውን ስጥ፣ የፈለግኸውንም እዘዝ» ይላል። በጸጋ ጉዳይ ተከራካሪው የነበረው ጴላጊዮስ ይህን ሮም ውስጥ ሲጠቀስ ሰምቶ መታገሥ አቃተው፤ ሰው ጥረቱን እንዳይተው ፈርቶ ነበር። ፍርሃቱ መና አይደለም። ግን ክፍል 8ን ያነበበ ሰው ይህ ጸሎት ከስንፍና እንዳልመጣ ያውቃል።

ከ11 እስከ 13 ያለውን፣ ስለ ጊዜና ስለ ኦሪት ዘፍጥረት የሚናገረውን፣ ለሁለተኛ ዙር አቆዩት። በሳምንት አንድ ክፍል ይበቃል፣ ከተቻለ ከአንድ ጓደኛ ጋር፤ በስልክም ይሆናል።

ክፍል 9ን ግን የመጨረሻ አድርጉት። እናቱ ሞኒካ የሮም ወደብ በሆነችው በኦስትያ የምታርፍበት ነው። ሥጋዬን የትም ቅበሩት፣ ብቻ በእግዚአብሔር መሠዊያ ፊት አስቡኝ ትላቸዋለች። እሱም ክፍሉን ሲዘጋ ይህን የሚያነብ ሁሉ ሞኒካንና አባቱን ጳጥሪቅዮስን በጸሎት እንዲያስብለት ይለምናል። እዚያ ስትደርሱ መጽሐፉን አስቀምጡና የለመነውን አድርጉለት።