ብሬከሩ ሳይቆርጥ ኬብሉ ሲቃጠል

ምልክቱ
ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ከማከፋፈያ ሳጥኑ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል፤ ብሬከሩ (ጭነት ሲበዛ ኃይል የሚያቋርጠው ማብሪያ ማጥፊያ) ግን አልቆረጠም። ኃይሉን አጥፍተው ሳጥኑን ሲከፍቱ፣ ከመሬት የወጣው ኬብል ልባስ በጣት ሲታጠፍ እንደ ድርቆሽ ይሰነጠቃል።

ምክንያቱ
በመጀመሪያ ብሎኖቹን ይመልከቱ። ከሦስቱ ፌዞች (ኃይል ተሸካሚ ሽቦዎች) የተጎዳው የአንዱ ጫፍ ብቻ ከሆነ ብሎኑ ላልቷል፤ ያጥብቁት፣ ጫፉን ቆርጠው ያድሱት። ሦስቱም እኩል ከደረቁ ግን ችግሩ ከመሬት በታች ነው።

ድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ያየሁት ይኸው ነው። ባለ 16 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ፒቪሲ (ፕላስቲክ) የለበሰ የመዳብ ኬብል ከሲሚንቶው ግቢ ሥር 15 ሴንቲ ሜትር ላይ በቧንቧ ውስጥ ተቀብሯል፤ ጭነት ያለበት ሌላ ኬብል የያዘ ቧንቧም ተጣብቆታል። ብሬከሩ 63 አምፔር፣ የምሽቱ ጭነት 55። በአይኢሲ 60364 (ዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ደረጃ) ሰንጠረዥ ይህ ኬብል በቧንቧ ውስጥ 64 አምፔር ይችላል፤ ይህ ግን አፈሩ 20 ዲግሪ ሲሆን ነው። እኔ ቴርሞሜትር ብሰካ 40 አሳየኝ። ስለዚህ 64 ለአፈሩ ሙቀት በ0.77፣ ለጎረቤቱ ቧንቧ ደግሞ በ0.85 ሲባዛ 42 አምፔር ይሆናል። ብሬከሩ 55ን ትክክለኛ ጭነት ብሎ ሲያሳልፍ ኬብሉ ይጠበሳል።

ብዙ ባለሙያ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቀብሩ ጥልቅ አለመሆኑ የኬብሉን ሙቀት አያፍንም፤ እንዲያውም መውጫውን ያቀርብለታል። ጉዳቱ ከላይ የሚመጣው የፀሐይ ሙቀት ነው። የቀትሩ ሙቀት በአፈር ውስጥ በዝግታ ስለሚወርድ 15 ሴንቲ ሜትር ላይ የሚደርሰው ከሰዓታት በኋላ፣ እንግዶች ተመልሰው የአየር ማቀዝቀዣውን ሁሉ በሚከፍቱበት ሰዓት ነው። በቀን ለክተው «ደህና ነው» ብለው አይሂዱ።

መፍትሄው
ዛሬውኑ ብሬከሩን በ40 አምፔር ይቀይሩ፣ ጭነቱንም ይቀንሱ። የደረቀው ኬብል በፕላስተር ተጠቅልሎ አይድንም፤ ይነሳ።

አዲሱን ግቢውን ሳይቆፍሩ መዘርጋት ከፈለጉ ባለ 35 ካሬ ሚሊ ሜትር ኬብል ያስፈልጋል፦ 98 በ0.77 በ0.85፣ 64 አምፔር፤ ለ63ቱ ብሬከር ይበቃል። እኔ የምመርጠው 70 ሴንቲ ሜትር መቆፈርን ነው። እዚያ አፈሩ 30 ዲግሪ ከሆነና ቧንቧዎቹን በ25 ሴንቲ ሜትር ካራራቁ 25 ካሬ ይበቃል፦ 82 በ0.89 በ0.90፣ 66 አምፔር። የአፈሩን ሙቀት ግን ራስዎ ይለኩ፤ ከሰው ግቢ የተወሰደ ቁጥር ለእርስዎ ግቢ አይሠራም።

ጉድጓዱን ሲሞሉ ውሃ እያርከፈከፉ በየንጣፉ ይጠቅጥቁት። በላላ አሸዋ መካከል አየር ይቀራል፤ አየር ደግሞ ሙቀት በቀላሉ አያሳልፍም።